የዚህ ሰፈር አይደለም

አባቴ መስማት ካቆመ ዘንድሮ ደፈነ ዘጠኝ ዓመቱን፤
የመሰንጠቂያው መጋዝ ነው የበላው፣ መጀመሪያ ግራውን፣
ቀጥሎ ቀኙን፣ ሁለቱን።
አሁን ሂርማታ፣ በቆርቆሮ ጥላ ስር፣ ዋንዛ ይፈለፍላል፤
የእንጨቱን ነገር በመዳፉ ይሰማል።
ዓይን ያላየውን ጉብታ፣ መላጊያ የዘለለውን፣
"እዚህ ጋ አኩርፏል" ይላል አውራ ጣቱን አሳርፎ፤
የፀጉር ሲሶ ያህል ነው ያኮረፈው።

እኔ ኪቶ ፉርዲሳ ፊዚክስ አስተምራለሁ።
የኔም ሥራ ከሱ አይርቅም ብል ማን ያምነኛል?
ከባሕር ማዶ፣ አራት አራት ኪሎ ሜትር ክንድ ዘርግተው
ጫፉ ላይ መስተዋት ሰቅለው
በብርሃን ክር የሚለኩ አሉ፦
ክንዱ ረዘመ? አጠረ?
በስንት? የፕሮቶንን ወገብ መቶ ቦታ ቢከፍሉት
አንዷን እንኳ በማይሞላ።
ይህን ታህል ነው ሰማይ የሚያኮርፈው
ሁለት ጥቁር ጉድጓዶች ተሽከርክረው
ተሽከርክረው
አንድ ሲሆኑ።

ባለፈው ሐምሌ ለሁሉም የተለቀቀውን መዝገብ አወረድኩ፤
መብራት ሲሄድ ሲመጣ ሦስት ሌሊት ፈጀብን።
ተማሪዬ ለሊሴ ጩኸቱን አጥባ አጥባ፣
የምድሩን መንቀጥቀጥ፣ የሽቦውን እንጉርጉሮ፣
አንድ ነገር አስቀረች።
የሰከንድ አምስተኛ።
ከታች ተነስቶ ወደ ላይ "ውይጥ!" ብሎ የሚያልቅ፣
አፏን ሳትከፍት የጨረሰች ወፍ።
ለዚህ ነው እንግዲህ ቢሊዮን ዓመት አልፎ የተጓዘው፤
ሲነሳ ቦዬ ውሃ አልቋጠረም፣
ጅሬን ኮረብታ አልሆነም፣
ጉማሬም ገና አልታሰበም።

ለአባቴ እንዴት ይነገራል?
ድምፅ ነው ልበለው? ለሱ?
ድምፅ አይደለም ልበለው? ታዲያ ምን አደከመሽ ቢለኝስ?

ቅዳሜ ድምፅ ማጉያ ተሸክሜ ሄድኩ፣ ከጃቢር ባጃጅ የተፈታ።
ያላለቀ በርጩማ ገለበጥኩ፣ ሦስት እግሩ ወደ ሰማይ፤
ማጉያውን ደፋሁበት፣
የአባቴን መዳፍ ይዤ ከጎኑ አሳረፍኩ።

ዓይኑን ጨፈነ።
"አይሱዙ" አለ። አዎ፣ ከአጋሮ የመጣ፣ የጫነ።
"ዝናብ ጀመረ።" አዎ።
"ይሄኛው ያንቺ ልብ ነው፣ እጅሽን አንሺ።"
አነሳሁ።
ለቀቅኩት። አንዴ። ሁለቴ። አሥራ አንዴ።

ዝም።

ከዚያ አውራ ጣቱ ብድግ አለች፣ ምስማር እንዳገኘች፤
"ይሄ..." አለ፣
"ይሄ የዚህ ሰፈር አይደለም።"

ሳቅኩ መሰለኝ። ወይም አለቀስኩ፤ ዝናቡ ነው ብያለሁ።

የእርሳሷን ጉማጅ ከጆሮው ላይ ወሰድኩ
(ጆሮው አሁን የሚያገለግለው ለዚህ ብቻ ነው)፣
በበርጩማው ሆድ ላይ ጻፍኩለት፦
አንዱ ሠላሳ ስድስት ፀሐይ ይመዝናል፣
ሌላው ሃያ ዘጠኝ፤ ተጋጠሙ፤
ስልሳ ሁለት ሆኑ።

አየው። ሳንቲም ያጎደለበት ነጋዴ ሁሉ
ተማም አባ ዲጋን ያውቀዋል።
"ሦስቱስ?"
"ሞገድ ሆነ። አሁን በእጅህ ያለፈው እሱ ነው።"
ከንፈሬን ነው የሚያነበው፤ ሁለቴ ደገምኩለት።
ወለሉን አየ፣ እስከ ቁርጭምጭሚቱ የሞላውን፤
እግሩን አራገፈ፤
"ሰጋቱራ በይኛ!" አለኝ።
"ሁለት እንጨት ተጋጥሞ ሰጋቱራ ያልወጣው የት አለ?
ሂንዲያ፣ ዓይንሽን ያሳወረሽ ይሄ ነው?"

ሰባት ዓመት ጠመኔ ጨርሻለሁ፤
እንዲህ አድርጌ ያስረዳሁበት ቀን የለም።

ከዚያ መሮውን አነሳ። ቁጥሩን ይፍቀዋል ብዬ ነበር፤
አልነካውም። ቫርኒሽ ቀባበት።
በሳምንቱ ተሸጠ። ለማን? አያስታውስም፤
ለሚዛን መንገደኛ ይሆናል፣ ለቦንጋ ሙሽራ።
አሁን የሆነ ቤት፣ የሆነ ሰው ተቀምጦበታል፣
ከስሩ ሠላሳ ስድስትና ሃያ ዘጠኝ
ስልሳ ሁለት እንደሚሆኑ ሳያውቅ፤
ወይም አንድ ቀን ገልብጦ አይቶ
"አናጺው መደመር አይችልም" እያለ።